ከቴርሚኒ እስከ ሌለው ጎዳና

ሮም ለገባ ሐበሻ ወደ ሰላም ፓላስ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ቴርሚኒ ከተባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሜዳ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ሲያቋርጠው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም የቴርሚኒ ኪስ አውላቂ ታሪክ ለማስታወስ ፋታ አይሰጥም።

ከተማዋ ለአገሩ ጎዳና አልነፈገችም። በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ የአፍሪካ ሰፈር በሚባለው፣ ቪያሌ ኤቲዮፒያ አለ፣ ቪያሌ ኤሪትሬያ አለ፣ ፒያሳ ጎንደር አለ። ቅኝ ግዛት የሚያምራት ጣሊያን ያወጣቻቸው ስሞች ናቸው። ቤቶቹ ደህና ናቸው፤ ኪራያቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ጎንደሬው ፒያሳ ጎንደርን በስልኩ ካርታ አይቶ ፈገግ ይልና በሜትሮ «ኤ» ተሳፍሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል።

ከቴርሚኒ በአሥራ አምስተኛው ጣቢያ መስመሩ ያልቃል፤ አናኛና ነው። ከእሱ በፊት ያለው ጣቢያ ሙሶሊኒ በ1937 የመረቀው የፊልም መንደር፣ ቺኔቺታ ነው። እዚያ መውረድ አያስፈልግም፤ የሚታየው ያለው ወደፊት ነው።

ከአናኛና አልፎ፣ ሮማኒና በተባለው የዳር ሰፈር፣ ስምንት ፎቅ ያለው መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ላላወቀው ሰው ባንክ ይመስላል። የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ፋኩልቲ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለቆት ከሄደ በኋላ፣ በ2006፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች ገቡበት፤ ሰላም ፓላስ የሚለውን ስምም ያወጡለት እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ ወረቀት አልባ አልነበሩም። ጣሊያን ራሷ ጥገኝነት የሰጠቻቸው፣ ሶጆርኖ ኪሳቸው ውስጥ ያለ ሰዎች ናቸው። የሰጠቻቸው የመኖር ፈቃድ ነው፤ የት የሚለውን ለራሳቸው ተወችው።

በር ላይ ነዋሪው ከራሱ መካከል ያቆመው ጠባቂ አለ። «ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ?» ይላል። ስም ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ፎቅ ላይ ስንት ዳዊት እንዳለ እሱ ያውቃል። የየት አገር ልጅ፣ በየት በኩል የመጣ፣ ከማን ጋር የሚያድር የሚለው ከተጣራ በኋላ እንግዳው ይገባል። ዱሮ ስለ አርስጣጣሊስ ይነገርበት የነበረው ክፍል በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ኮሪደሩ ላይ የሽሮ ሽታ አለ። በሐምሌ 2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር ኒልስ ሙይዥኒየክስ ሊጎበኙ መጥተው ያገኙት 800 ያህል ሰው ነበር፤ አንድ ሻወርም ለ250 ሰው ያህል ይደርስ ነበር። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢፈቀድ ተራው ዞሮ የሚያልቀው ከሃያ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ጠዋት ሥራ ያለበት ሰው ማታውኑ ቢሰለፍ ያዋጣዋል።

ዋናው ችግር ግን ሻወሩ ሳይሆን አድራሻው ነው። ጣሊያን ውስጥ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ የመኖሪያ አድራሻ፣ ሐበሻው «ሬዚደንሳ» የሚለው፣ ያልያዘ ሰው የቤተሰብ ሐኪም ማግኘቱም ሆነ ሌላ ሌላው ጉዳዩ ይወሳሰብበታል። በ2014 የወጣው ሕግ አምስተኛ አንቀጽ ደግሞ ሰው በኃይል በያዘው ሕንፃ ውስጥ ሬዚደንሳ እንዳይጠይቅ ከለከለ። በሕንፃው ውስጥ ዓመታት የኖረ ሰው በመዝገቡ ዓይን እዚያ የማይኖር ሆነ።

የሮም ማዘጋጃ ቤት ግን ብልሃት አያጣም። ቤት የሌላቸውን የሚመዘግብበት ቪያ ሞዴስታ ቫሌንቲ የሚባል ጎዳና አለው። ጎዳናው የትም የለም፤ ካርታ ላይ ተፈልጎ አይገኝም፤ መዝገብ ላይ ግን ነዋሪዎቹ ብዙ ናቸው። ሞዴስታ ቫሌንቲ ቤት አልባ አሮጊት ነበሩ። በጥር 1983 ቴርሚኒ ጣቢያ ላይ ታመው ወደቁ፤ ቅማል አለባቸው ተብሎ አምቡላንስ ሳያነሳቸው ቀርቶ እዚያው ሞቱ። ስማቸው የጎዳና ስም የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ሲሆን ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ያለው ጎዳና ኢትዮጵያዊው የማይኖርበት፣ ኢትዮጵያዊው የሚኖርበት ጎዳና ደግሞ የሌለ ይሆናል። መንግሥት የሰላም ፓላስ በር ሳይጠፋው ያገኘበት ጊዜም አለ፤ በሚያዝያ 2020 ኮሮና ሕንፃው ውስጥ ሲገኝ ወታደርና ፖሊስ መጥቶ ከበበው። ያን ጊዜ ሬዚደንሳ የጠየቀ የለም።

ይህ ሁሉ ሲሰለቸው ሰውየው ዓይኑን ወደ ፍራንክፈርት ይጥላል፤ የአጎቱ ልጅ እዚያ አለ። የጣሊያን ወረቀት ያለው ስደተኛ በጉዞ ሰነዱ ጀርመን ገብቶ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ለጥየቃ ይበቃል። ልኑር ካለ ግን ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ አከራዩ «አዎ፣ እኔ ቤት ገብቷል» ብሎ ይፈርማል። የሌለ ጎዳና ለጀርመን መዝጋቢ አይነገርም። ዳግም ጥገኝነት ልጠይቅ ቢልም ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው የአሻራ ቋት ጣቱን ሲያይ ጣሊያንን ይጠራል። ሐበሻው ይህን በአውሮፓ የጥገኝነት ስምምነት ስም «ደብሊን» ይለዋል፤ አየርላንድን አይቶ የማያውቅ ሰው ደብሊን ያዘኝ ብሎ ያማርራል።

የአጎቱ ልጅ ነገሩ አልገባውም። ሰውየው ወደ ሮም ከተመለሰ በኋላ ክረምቱ ሲበረታ ይደውላል። «ካፖርት ልልክልህ ነው፣ አድራሻህን ንገረኝ እስቲ።»

«የትኛውን?»

«የምትኖርበትን ነዋ!»

«የምኖርበት ላይ አልተመዘገብኩም፤ የተመዘገብኩበት ደግሞ የለም።»

ስልኩ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ፍራንክፈርት ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ የሚሞላበት ፎርም የለም። ካፖርቱ በመጨረሻ የሚላከው ወደ ሮም በሚመጣ ሰው እጅ ነው፤ ተቀባዩም አናኛና ሜትሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።