ስም ለውሻ፣ ነገር ለባለቤቱ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የቆርቆሮው አጥር ከሚጀምርበት፣ አንዲት ቀጭን ቅያስ ነበረች። በቅያሷ ሦስት በር፣ በሦስቱ በር ሦስት ውሻ ነበሩ። የውሾቹ ባለቤቶች ሰባት ክረምት ሙሉ እንደምን አደርክ ተባብለው አያውቁም። ተኳርፈው ዝም አሉ እንዳይባል ግን በየቀኑ ይነጋገራሉ፤ የሚነጋገሩት በውሾቻቸው ነው።

ጠቡን ያመጣው ጎርፍ ነው። ከሦስቱ ባለቤቶች አንዱ፣ ሻለቃው፣ አጥራቸውን በድንጋይ ሲያስገነቡ ከተራራው የሚወርደው የሐምሌ ውሃ መሄጃ አጣና ዞሮ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጠላ ጠማቂዋ እትዬ ጓሮ ገባ። የተሰጣ ጌሾዋን ጠራርጎ፣ አንድ ጋኗን ሰንጥቆ ሄደ። እትዬ አቤቱታዋን በአጥሩ ላይ ተናገረች፤ ሻለቃው መልስ አልሰጡም። በሳምንቱ ግን ቡችላ አመጡና «ማን ይነካኛል» ብለው ስም አወጡለት። እሷም አላረፈችም፤ ከዘመድ ቤት አንዲት ሴት ቡችላ አምጥታ «ታያታለህ» አለቻት። በሁለቱ መሃል ያለው ባለሱቅ ደግሞ ሁለቱም ደንበኞቹ ናቸውና የእሱን ውሻ «ምን አገባኝ» አለው።

ልማዱ አዲስ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረስ የሌለው ሰው ደግሞ ውሻ አለው። ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን ነገር ለውሻው ስም አድርጎ በአጥር ላይ ይጮኸዋል። «ሰደብከኝ» ብለህ ሽማግሌ ብታስቀምጥበት እንኳ «ውሻዬን ነው የጠራሁት» ይልሃል።

ውሾቹ ግን የስማቸውን ትርጉም አያውቁም ነበር። ሌሊት ሌሊት በአጥሩ ሥር በቆፈሩት ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ያወጋሉ።

«እኛስ የምንጮኸው ጅብ ሲሸተን ነው» አለ አንድ ሌሊት ማን ይነካኛል። «ጌቶቻችን በጠራራ ፀሐይ የሚጮኹት ምን ሸቷቸው ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ታያታለህ። «እኔ ስጠራ የምሄደው ፍርፋሪ ይኖር እንደሆን ብዬ ነው።»

«እኔን ምን አገባኝ» አለ ሦስተኛው፤ ስሙን መናገሩ ነበር።

አንድ ቀን ሰፈራቸው ለመንገድ ሥራ የፈረሰባቸው አንድ ጡረተኛ መምህር ከቅያሷ ማዶ ቤት ተከራይተው ገቡ። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ «በየማለዳው ይራመዱ» ብሏቸዋል። እንጨት ለቃሚዎቹ ከተራራው ሳይወርዱ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ኮት ኪሳቸው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ የደረቀ ዳቦ ሸጉጠው ይወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ማን ይነካኛል ጥርሱን አግጦ መጣባቸው። መምህሩ አልሮጡም፤ ከዘራቸውንም አላነሱም። ቀጥ ብለው ቆሙ። ውሻው የከዘራውን ጫፍ አሸተተ፣ ከዚያ ጫማቸውን፣ ከዚያ ኪሳቸውን። ጅብ የቦጨቃት ግራ ጆሮው ቀስ ብላ ተኛች። «ቡቺ፣ እንደምን አደርክ?» አሉና ቁራሽ ጣሉለት። ስሙን አያውቁትምና የሀገሩን ውሻ ሁሉ በሚጠሩበት ስም ጠሩት። በሳምንቱ ሦስቱም ውሾች ቡቺ ሆነው በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ ኮቴያቸውን ሲሰሙ ይሰበሰቡ ጀመር።

ይኼ ባለቤቶቹን አበሳጨ። ለስንት ዓመት የተላከ መልእክት በአንድ ቁራሽ ዳቦ ሲጠፋ እንዴት ዝም ይባላል? ሻለቃው በሩን በርግደው ወጡና በረጅሙ ተጣሩ፦

«ማን ይነካኛል!»

መምህሩ ዞሩ። ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሱ። «ኧረ ማንም አይነካዎትም፣ ሻለቃ። እንደምን አደሩ?»

ሻለቃው አፋቸው ተሳሰረ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለዚያ ጥሪ መልስ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው ይኼ ነው። ወዲያው ጠላ ጠማቂዋ ከአጥሯ ብቅ ብላ «ታያታለህ!» አለች።

«ምኗን ነው የማያት፣ እትዬ? ያሳዩኝ እንጂ፤ ዓይኔም ደክሟል።»

እሷም ደነገጠች። ለማሳየት አስባ አታውቅም ነበር። ግን ተጠይቃለችና ሽማግሌውን ወደ ጓሮዋ አስገብታ የተሰነጠቀውን ጋን፣ በየክረምቱ ውሃ የሚበላውን ግድግዳዋን አሳየቻቸው። ባለሱቁ ነገሩ ወደ እሱ እንዳይመጣ ሰግቶ ውሻውን ሊያስገባ ተጣራ፦ «ምን አገባኝ!»

«እንዴት አያገባህም፣ ልጄ? ጎረቤት አይደለህም? አካፋ አለህ?»

አካፋ አለኝ ማለቱን ባለሱቁ ራሱ አልታወቀውም።

መምህሩ ጎርፉ የሚመጣበትን በከዘራቸው መሬት ላይ አሰመሩ። ሻለቃው ከድንጋዩ አጥር ሥር ሁለት ድንጋይ ነቀሉ፤ ባለሱቁ ቦዩን ቆፈረ፤ እትዬ ቡና አፈላች። ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ሥራው አለቀ። ሰባት ዓመት የተጮኸበት ነገር ሁለት ድንጋይና የግማሽ ቀን አካፋ ነበር።

ቅያሷ ያኔ ገነት ሆነች አልልም። ሻለቃው እስከ ዛሬ ቁጡ ናቸው፤ እትዬም ጋኔን ክፈሉኝ ትላለች። ልዩነቱ አሁን የምትለው ለሻለቃው መሆኑ ነው።

በመስከረም ታያታለህ ከማን ይነካኛል አንድ ቡችላ ወለደች። ሰዎቹ ቡና ላይ ተሰብስበው ስም ሲመርጡ ክፉ ልማድ አይለቅምና አንዱ «ይብላኝ ላንተ» ይባል አለ፤ ሌላዋ «የት ነበራችሁ» አለች። መምህሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስም ለውሻ፣ ነገር ለባለቤቱ ስጡ» አሉ። «ውሻው ነገራችሁን ተሸክሞ የትም አያደርስላችሁም።»

ቡችላውም ቡቺ ተባለ። ሲጠራ ይመጣል።

ዛሬ ውሻ የሌለው ሰው ለጎረቤቱ፣ ለወንድሙ፣ ለሌላው ብሔር ያለውን ነገር ስልኩ ላይ ይለጥፋል፤ ሲጠየቅም «ማንንም አላልኩ» ይላል። አንባቢዬ፣ አንተም እንዲህ ያለ ውሻ ካለህ ነገ ማለዳ በሩን ከፍተህ ውጣና ነገሩን ለሰውየው ንገረው። ምናልባት አካፋ ይኖረው ይሆናል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ፍርፋሪው የቡቺ ነው።