ነዳጅን በክብር ስለ ማባከን

ነዳጅ ቆጥቦ ወደ ምህዋር ስለ መውጣት ሊቃውንቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ጠብታ አሟጥጦ፣ ከተነሡበት ሜዳ ብዙም ሳይርቁ በታላቅ ግርማ ተመልሶ ስለ መውደቅ ግን በወጉ የመከረ ስለሌለ፣ ይህ ጥበብ ባለቤት አጥቶ እንዳይቀር በማሰብ፣ ስኳድ የተባለው የሜክሲኮ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባቀረበው፣ ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም በተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ ሮኬት ለሚያስወነጭፉ ሁሉ ይህችን ምክር በትሕትና አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ምህዋር ማለት ከፍታ ነው ብለው በልብዎ ያጽኑ። ኬርቢን የምትባለው የጨዋታው ምድር ከማእከሏ እስከ ገጿ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ አየሯም 70 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል፤ እንግዲህ አፍንጫን ወደ አርያም ቀጥ አድርጎ ከመውጣት በቀር ሌላ ምን ያሻል? በ80 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳይወድቁ ለመኖር ወደ ጎን በሴኮንድ 2,280 ሜትር ያህል መክነፍ ያስፈልጋል እያሉ የሚያስተምሩ አሉ፤ አይስሟቸው። ቀጥ ብለው ሲወጡ ኃይለ ስበት በየሴኮንዱ አሥር ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ግብር ያስከፍልዎታል፤ በአንድ ደቂቃም በሴኮንድ 590 ሜትር ያህል ፍጥነት ከንቱ ሆኖ ይቀራል። በጥንቃቄ የተሠራ ዕርገት በጠቅላላው 3,400 ገደማ የሚፈጅ ከሆነ፣ ስድስተኛውን እጅ በአንዲት ደቂቃ ለነፋስ መበተን የለጋስ ሰው ምግባር ነው።

ማጎንበስ ግድ ከሆነብዎ ግን በቀድሞዎቹ ሥርዓት ያጎንብሱ። ጨዋታው በ2015 ወደ 1.0 እትም ከመሸጋገሩ በፊት አየሩ ያለ ልክ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ነበረ፣ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ መውጣት፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ 45 ዲግሪ መታጠፍ የተመሰከረለት ሥርዓት ነበር፤ አየሩ ከተለወጠ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ትውፊት ትውፊት ነውና እርስዎ አይልቀቁት። ፍሬውን በአቅጣጫ ኳሱ ላይ ያዩታል፦ የሮኬቱ አፍንጫ የጉዞውን አቅጣጫ ከሚያሳየው ብጫ ክብ ድንገት ይለያል፣ ነፋሱ ጎኑን ያገኘዋል፣ አፍንጫው ይዞራል፣ ጅራቱ ይቀድማል፣ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ ወደ መጡበት ይገፋዎታል። ይህ ከዘገየብዎ ከግርጌ ያሉትን ክንፎች ነቅለው ከራስጌ ይትከሏቸው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 100 ሜትር ሳይሞላ ሮኬቱን አምስት ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርገው፣ የቀረውን ማጎንበስ ለስበቱ ለራሱ የሚተዉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እጃቸው መሪውን እምብዛም ስለማይነካው እኔ ከሰነፎች እቈጥራቸዋለሁ።

እነዚሁ ሰዎች ዘንበል የሚሉት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው። ኬርቢን ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ማስወንጨፊያውም ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ፣ በሴኮንድ 175 ሜትር ፍጥነት ገና ሳይነሡ ያገኛሉ፤ ለኩሩ ሰው ግን ከምድር ምጽዋት መቀበል ነውር ነውና እርስዎ ወደ ምዕራብ ይሂዱ፤ ምጽዋቱን ከመተው አልፈው ያንኑ ያህል ከኪስዎ ስለሚጨምሩ ኪሳራው 350 ይደርሳል።

ሞተር ሲመርጡ ለመጀመሪያው ደረጃ ቴሪየርን ይምረጡ። በባዶ ሕዋ 60 ኪሎ ኒውተን የሚገፋው ይህ ሞተር በባሕር ወለል ላይ 15 እንኳ ስለማይሞላ፣ ሮኬትዎ የገዛ ነዳጁን እያቃጠለ እንደ ጽሙድ ባሕታዊ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ምክር ከሽፎ የጉዞው ጫፍ ከአየሩ በላይ ቢወጣ እንኳ ተስፋ አይቍረጡ። ብልሆቹ ምህዋሩን የሚያከብቡት ጫፉ ላይ ለመድረስ ሞተሩ ሊነድድ ከሚገባው ጊዜ ግማሹ ሲቀር ለኩሰው፣ አፍንጫውንም ወደ አድማስ አቅንተው ነው፤ እርስዎ ግን ጫፉን አልፈው ቍልቍል መውረድ እስኪጀምሩ ድረስ መልክዐ ምድሩን እያደነቁ ይቈዩ፣ ከዚያም አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንተው የቀረውን ነዳጅ ይጨርሱ። በማያ ገጹ ጥግ ባለችው ትንሽ መስኮት ጠፈርተኛው ጄበዳያ ኬርማን ጥርሱን ገልጦ ሲስቅ ካዩ፣ ጓደኞቹ በድንጋጤ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን፣ የእርሱን ፈገግታ ለሥራዎ ትክክለኛነት ምስክር አድርገው ይውሰዱት። ፓራሹቱን መፈለግ አያስፈልግም፤ ከሞተሩ ጋር በአንድ ደረጃ አስረውት ስለ ነበር፣ የመጀመሪያዋን ቍልፍ ሲጫኑ ማስወንጨፊያው ላይ ተዘርግቶ አልቋል።

ከውድቀቱ በኋላ ወደ መገጣጠሚያው አዳራሽ ይመለሱና፣ ከቅርጹም ከአካሄዱም አንዳች ሳይለውጡ፣ በግራና በቀኝ ሌላ አራት ቡስተር ይጨምሩ። ተጨማሪ ነዳጅን ማንሣት ሌላ ተጨማሪ ነዳጅ እንደሚጠይቅ ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ቀመሩን አሳትሞ አስረድቷል፤ ነገር ግን እርሱ ኬርቢንን መቼ አያት?