ሰማይ አይታረስ፣ ላፕቶፕ ግን ይታረሳል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» አባቶቻችን በአራት ቃል የዘጉትን መዝገብ አሜሪካኖች ሦስት ዓመት ሲከራከሩበት ቆይተው፣ የዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ደረሰበት (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ትንሽ ዘግይተዋል። ቢሆንም ጥበብን ከየትም መማር አያሳፍርምና እንኳን ደስ ያላችሁ ልንላቸው ይገባል።

ከሳሹ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ናቸው። መዝገቡ «ኪዳኔ» ይላቸዋል፤ ስሙ እውነተኛ አይደለም፣ በራሳቸውና በዘመዶቻቸው ላይ መዘዝ እንዳይመጣ ፍርድ ቤት ፈቅዶላቸው የተጠሩበት ነው። አቶ ኪዳኔ በ2012 መጨረሻ ከሰው ለሰው ሲተላለፍ የመጣ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። አባሪውን ፋይል ከፈቱት። ክሱ እንደሚለው ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር በዚያች ቅጽበት ገብቶ እስከ ማርች 2013 ድረስ የስካይፕ ጥሪያቸውን እየቀዳ፣ ኢሜይላቸውን እየለቀመ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር።

ከተለቀሙት ነገሮች አንዱን ሳላነሳ አላልፍም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራው ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ፣ ያም ተመዘገበ። እንግዲህ አገር ቤት ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ ሲጋሩ፣ ሜሪላንድ ያለ ልጅ የቤት ሥራውን የሚከታተልለት ትጉ መሥሪያ ቤት አግኝቷል ማለት ነው። እናት አባት እንኳ ይህን ያህል አይከታተልም። አንድ የደህንነት ባለሙያ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ቡናው ቀዝቅዞበት፣ «ወጌሻ... ወጌሻ ማለት ምን ለማለት ተፈልጎ ይሆን?» እያለ ለአለቃው ማስታወሻ ሲጽፍ ይታየኛል። እንዲህ ያለውን ትጋት መክሰስ ነውር አይደለም?

ነውሩን የጀመሩት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ናቸው። በማርች 2013 ባወጡት ጥናት፣ የተቃዋሚውን የግንቦት ሰባት ሰዎች ፎቶግራፍ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ ኢትዮጵያ ካለ ሰርቨር ጋር ሲነጋገር አግኝተነዋል አሉ። በአምስተኛው ቀን የአቶ ኪዳኔ ላፕቶፕ ላይ የነበረው እንግዳ ራሱን ማጥፋት ጀመረ። ግን አልጨረሰም። ተጀምሮ ያላለቀ ፕሮጀክት ለምዶብን የለ፣ ይህንንም ግማሽ መንገድ ላይ ተወው፤ የቀረው ዱካ ማስረጃ ሆኖ ተለቀመ።

በፌብሩዋሪ 2014 የዲጂታል መብት ተሟጋቹ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረቱ። የእኛ መንግሥት ጠበቃ አቅርቦ ተከራከረ። ክርክሩ «አድርገናል፣ አላደረግንም» እንዳይመስላችሁ። «አድርገንስ ቢሆን ማን አባቱ ይጠይቀናል?» የሚል ነበር፤ በሕግ ቋንቋ ሲለብስ «የሉዓላዊ መንግሥት ያለመከሰስ መብት» ይባላል። ዳኞቹ በይግባኙ ችሎት ጠየቁ፦ የውጭ መንግሥት ካገሩ ሳይነሳ፣ አሜሪካ ውስጥ ሾፌር አልባ መኪና ጠልፎ ሰው ቢያጋጭስ? በፖስታ ቦምብ ቢልክስ? ጠበቃው ያኔም አይከሰስም አለ። ያልሸሸ ጠበቃ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ መልስ ከመንግሥት ወገን ሰምተን አናውቅም።

ፍርድ ቤቱም አመዛዝኖ መዝገቡን ዘጋው። ጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ መፈጸም አለበት አለ። ሐሳቡ የታሰበው ውጭ ነው፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ውጭ ነው፤ ኢሜይሉም የተነሳው ከውጭ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የተገኘው አባሪውን የከፈተው ጣት ብቻ ነው። ጣቱ ደግሞ የማን ነው? የራሳቸው የከሳሹ! አቶ ኪዳኔ በራሳቸው ላይ ክስ አለመመሥረታቸው ይገርመኛል።

አሜሪካኖቹ በራሳቸው ስለላ ላይም ሌላ ብልኃት አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በፌብሩዋሪ 2013 የመብት ተሟጋቾችን፣ ጠበቆችንና ጋዜጠኞችን አቤቱታ 5 ለ 4 ሲመልስ፣ መሰለላችሁን አላሳያችሁም አላቸው። ማን እንደተሰለለ ደግሞ ምስጢር ነው። እነሱ ማስረጃ አጥተው ተመለሱ፤ አቶ ኪዳኔ ማስረጃ ይዘው ተመለሱ። ታዲያ አገር ቤት አይከሱም ወይ የሚል የዋህ አይጠፋም። ይክሰሱ እንጂ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ችሎቱ ድረስ የሚሄድ ከሳሽ ብቻ ነው የጎደለው።

እስከዚያው ሰላዮቻችንን ሲቆጣጠር የኖረው አንድ ነገር ነው፤ የራሳቸው ዝርክርክነት። የሚላኑ የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ ሃኪንግ ቲም በ2015 ራሱ ተጠልፎ ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ የእኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ለሶፍትዌሩ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ወጣ። በዚያ ሶፍትዌር አሜሪካ ያሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሲታደኑ ነበር። ከሰነዱ ውስጥ ይበልጥ ልቤን የነካው ሻጮቹ እርስ በርስ ያደረጉት ሮሮ ነው፤ ደንበኛው በግዴለሽነቱና በአያያዙ አጋለጠን ይላሉ። ጋዜጠኛ መታደኑ ሳይሆን አዳኙ ኮቴውን ማሰማቱ አሳፈራቸው። መንግሥት ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ወደ እስራኤሉ ኩባንያ ሳይበርቢት ዞረ። በ2017 ሲቲዝን ላብ እንዳጋለጠው፣ የስለላው መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ለአላፊ አግዳሚ ክፍት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ከዓመት በላይ ቁጭ ብለው ሰላዮቹን ሰለሉ። አንድ ትጉ ኃላፊ በሩን መዝጋት የሚያስተምር የሦስት ቀን ሥልጠና ቢያዘጋጅ ኖሮ ያለን ቁጥጥር ሁሉ በዚያው ያበቃ ነበር።

ለማንኛውም ከእንግዲህ ለመክሰስ የሚያስብ ሰው አጠራጣሪ ኢሜይል ሲደርሰው አባሪውን ከመክፈቱ በፊት እንዲህ ብሎ በትሕትና ይመልስ፦ «ጌታዬ፣ ሊሰልሉኝ ማሰብዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። እባክዎ ቪዛ አውጥተው ይምጡ። ሐሳቡን አውሮፕላን ላይ እንዳያስቡት፤ ሜሪላንድ ሲደርሱ ያስቡት። ፕሮግራሙንም ጆርጂያ አቬኑ ካሉት ቡና ቤቶቻችን በአንዱ ተቀምጠው ይጻፉት። ደረሰኝዎን አይጣሉ፤ ፍርድ ቤቱ ይፈልገዋል።»