አንዲት ልጅ፣ አራት የሕይወት ታሪክ

በእኛ ጊዜ የሰው የሕይወት ታሪክ የሚነበበው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም ቀብሩ ላይ። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ» ተብሎ ይጀመርና «ለሰው አዛኝ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ተብሎ ያልቃል። ባለቤቱ ቀና ብሎ «ይሄ ለባንክ አይሆንም፣ አስተካክሉልኝ» አይልም። የልጅ ልጄ ግን በ24 ዓመቷ አራት የሕይወት ታሪክ አላት። ሲቪ ትለዋለች። እኔ 74 ዓመት ኖሬ አንድ ወግ ያለው የለኝም።

ነገሩን ያወቅሁት መነጽሬን ስፈልግ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ወረቀት አገኘሁ፤ የአራቱም አናት ላይ የእሷ ስም። መጀመሪያ ያው አንዱ ተደጋግሞ የታተመ መስሎኝ ነበር። ሳነባቸው አራት የማይተዋወቁ ሴቶች ናቸው! አንዷ ከቁጥር በቀር የምታውቀው የላት፣ አንዷ ለማኅበረሰብ ልማት የተፈጠረች፣ አንዷ ፈገግታ ብቻ። አራተኛዋማ የመዝገብ ቤት ፋይል ናት፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በደብዳቤ ቁጥር ይህን ያህል።

አንጀቴን ያሳረረው የዕድራችን ነገር ነው። ልጅቱ አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ስታጣ፣ እኔ ሰብሳቢው፣ «እስኪ ሥራ እስክታገኚ መዝገቡን ያዥልን» ብያት ሁለት ዓመት ያዘች። መዋጮ መሰብሰብ ነው፤ ሌላ ምን አለው? የባንኩ ወረቀት ላይ ግን፣ «የ120 አባላትን ወርሃዊ መዋጮ ሰብስቤ ገቢ አድርጌያለሁ፤ መዝገቡን ከባንክ ደብተሩ ጋር በየወሩ አመሳክሬያለሁ» ይላል። ለኤንጂኦው፣ «በማኅበረሰብ አቀፍ መረዳጃ ተቋም፣ ሐዘን ለደረሰባቸው ቤተሰቦች ፈጣን ድጋፍ አስተባብሬያለሁ»። ለሆቴሉ ደግሞ፣ «በአንድ ጊዜ እስከ 300 እንግዳ አስተናግጃለሁ»። እንግዳ! ለቀስተኛውን እኮ ነው!

«ይሄ ውሸት አይደለም?» አልኳት።

«የቱ ነው ውሸቱ፣ አባባ?»

ወረቀቱን አገላበጥኩት። 120 አባል አለን። ድንኳን ተተክሎ 300 ሰው ተቀምጧል፤ ወንበሩንም ያስደረደረችው እሷ ናት። ውሸቱን አጣሁት። ሰው ደግሞ ውሸቱን ሲያጣው ይበልጥ ይናደዳል።

«ባንኩ ገንዘብ የማታጎድል ሰው ነው የሚፈልገው፤ ፈገግታዬ ምን ይሠራለታል? ሆቴሉስ ፒችትሪ የሚሉትን የሒሳብ ፕሮግራም መቻሌ ምን ያደርግለታል? ማስታወቂያውን አነባለሁ፣ የሚፈልጉትን ከሠራሁት ውስጥ ለቅሜ ወደ ላይ አወጣዋለሁ። ያልሠራሁትን ግን አልጨምርም» አለችኝ። አንዳንድ ትልልቅ ድርጅት ዘንድ ደግሞ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነበው ኮምፒዩተር ነው አሉ፤ ማስታወቂያው «ማመሳከር» ካለ እሷም «ማመሳከር» ማለት አለባት። ለማሽን እጅ መንሣት ነበር የቀረን! የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ደግሞ «ቀጥታ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የምትባል ሐረግ አለችው። «ማኅተም የሌለው ልምድ እዚያ ሕልም ነው» ስትለኝ፣ የዕድሩን ማኅተም ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ሳቀችብኝ።

ክርክሩ ሲጠናባት ጣሊያን አመጣችብኝ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1480ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከሚላኑ ገዢ ከሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ለመጠየቅ ባረቀቀው ደብዳቤ፣ ተንቀሳቃሽ ድልድይ እሠራለሁ፣ መድፍ እሠራለሁ፣ የተሸፈነ የጦር ጋሪ እሠራለሁ እያለ ደርድሮ ደርድሮ፣ ሥዕል መቻሉን ያነሣው ጭራው ላይ ነው አሉ። ገዢውን የሚያስጨንቀው ጦርነት ነዋ!

«በጣሊያን ምስክርነት ነው የምትረቺኝ?» ብዬ ተነሣሁ።

ተነሣሁ እንጂ ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በ1964 ዓ.ም. መሥሪያ ቤት ለመግባት በጻፍኩት ማመልከቻ፣ አባቴ «የታወቁ ባለ ርስት» ነበሩ። ደርግ መጥቶ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሙላ ስባል፣ እኒያው አባቴ «ጭቁን አርሶ አደር» ሆኑ። ሰውዬው ያው ናቸው፣ መሬቷም ያችው ሁለት ጥማድ ናት። ያልነበረ አልጨመርኩም። ይህንን ለልጅቱ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

ትናንት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ለካ በአራቱም ወረቀት ግርጌ ምስክር ተደርጌ የተጻፍኩት እኔው ነኝ። አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት፣ «የዕድሩ ሰብሳቢ ነዎት? ስለ አንዲት አመልካች ልጠይቅዎት ነበር» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ልጄ፣ የምትደውይው ከባንኩ ነው ከሆቴሉ?»