የቴራባይት ባላባቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ርስት የለኝም ብሎ የሚያዝን ሰው ካለ ይጽናና። መሬቱ በሊዝ፣ ኮንዶሚኒየሙ በዕጣ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ግን ገንዘቡን ይዞ ለመጣ ሁሉ ነው። አንድ ቴራባይት የጨበጠ ሰው አነጋገሩ ራሱ ይለወጣል። «ስንት ፊልም አለህ?» ሲሉት፣ እንደ ድሮ ባለ ብዙ ከብት «ኧረ እኔም ቆጥሬው አላውቅ» ይላል። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ የምሩን ነው።

እስኪ እኛ እንቁጠርለት። አንዱ ፊልም 700 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ (ይህ ልክ ፊልም አንድ ሲዲ ላይ እንዲገባ ተጨምቆ ይቀዳ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው)፣ አንድ ቴራ ላይ ወደ 1,400 ፊልም ይሰፍራል። ባለ ርስታችን በየሳምንቱ እሑድ፣ ሠርግ ሳይጠራ፣ ለቅሶ ሳይደርስ፣ መብራት ሳይጠፋበት አንዳንድ ፊልም ቢያይ፣ ለመጨረስ 27 ዓመት ይፈጅበታል። ይህም ከዛሬ ጀምሮ ማስጫን ካቆመ ነው። እሱ ግን ሰሞኑን የሚያጠያይቀው ባለ አራት ቴራው ስንት እንደገባ ነው። የአራቱ ቴራ ሒሳብ መቶ ዓመት ያልፋል። ሰውየው ስለ ጤናው ያለው እምነት ያስቀናል።

ምኞቱ ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም፣ ሥርዓት አለው። ስልኩ ላይ «የሚቀሩኝ» የሚል ዝርዝር ይዟል። ዝርዝሩን ከየት አመጣው ቢሉ፣ አይኤምዲቢ የተባለው ድረ ገጽ የዓለም ተመልካች በሰጠው ነጥብ የደረደራቸው 250 ፊልሞች አሉ፤ ከእነሱ ነው። «ሾሻንክ ሪደምሽን»፣ «ዘ ጎድፋዘር»፣ እያለ ይወርዳል። ባላባታችን የራሱን ጣዕም ለመጠየቅ ጊዜ አላጠፋም። የማያውቃቸው ሰዎች የወደዱለትን ይዞ፣ በሩ ላይ «ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ጌም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ወደተለጠፈበት ሱቅ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ «ምን ይጫንልህ?» ይለዋል። «የቀረውን።» ልጁ አይደነግጥም፤ ከእሱ በፊት የመጣውም ያለው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ባለ መንገድ «ሰባቱ ሳሙራይ» ወደ ቤታችን ገባ። አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1954 የሠራው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በጃፓንኛ የሚነገር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ድንቅ ሥራ ነው፤ እኛም ቤት አለን። የሃንጋሪው ቤላ ታር «ሳታንታንጎ»ም አለ። ይኼኛው ከሰባት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ባላባቱ በጣም ይኮራበታል፤ እንግዳ ሲመጣ የፋይሉን ስም በማውሱ ቀስት እየነካ ያሳያል። ሰባት ሰዓቱን የሚነካው ግን አንድም ጊዜ አልተገኘም።

እንግዳ የመጣ ቀን እውነተኛው ትርኢት ይጀምራል። ሃርድ ዲስኩ ከቁም ሳጥን፣ ከልብስ ሥር ይወጣል፣ ከነገመዱ ይገጠማል፣ ፎልደሮቹ ይዘረጋሉ፦ «አክሽን»፣ «ሆረር»፣ «ኦስካር»፣ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»። «ምን እንይ?» «አንተ ምረጥ።» «እናንተ እንግዶች ናችሁ።» አንዱ የከፈቱት ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋል፣ የተርጓሚው ጽሑፍ ከንግግሩ ኋላ ቀረ ተብሎ። ሌላው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተገኘ። ሌላው «ይኼን አይቼዋለሁ»። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ምርጫው ገና አልተጠናቀቀም። በመጨረሻ ጥግ ላይ ዝም ብለው የቆዩት እናት «ልጄ፣ ይልቅ ቃናን ክፈትልኝ» ይላሉ። ቃና ይከፈታል። የቱርኩ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ያለቅሳል፤ ቤቱም ጸጥ ብሎ ያያል። ለ1,400 ፊልም የተዘጋጀው ቤት የማታው መርሐ ግብር ይኸው ነው።

ጥራት የሚባል ሌላ ፈተና ደግሞ አለ። «ታይታኒክ»ን አስቡ። መጀመሪያ በካሴት ነበረን፤ ቪዲዮ ዴኩ ሲበላሽ ካሴቱ የበር መደገፊያ ሆነ። ቀጥሎ በቪሲዲ አገኘነው፤ አንዱ ዲስክ ሲያልቅ ተነስቶ ሌላውን ማስገባት ነበረበት፣ ያም ዲስኩ ካልተጫረ ነው። ከዚያ በዲቪዲ፣ ከዚያ በኤችዲ፣ ዛሬ ደግሞ በአራት ኬ። ባላባታችን አራት ኬ የሚያሳይ ቴሌቪዥን የለውም፤ ቢሆንም ይዟል፣ ቴሌቪዥኑ ወደፊት ይመጣል። መርከቧ በአምስቱም ትሰምጣለች።

ፍርድ ሳልገመድል አንድ ነገር ልመስክርለት። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት፣ ሲያሻው ደግሞ በሚጠፋበት አገር ፊልም በእጅ መያዝ ሞኝነት አይደለም። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ሳለ የመንደሩ ንጉሥ ባለ ሃርድ ዲስኩ ነበር። በዚያ ሁሉ ነፃ ጊዜ ምን ተመለከተ? «ፕሪዝን ብሬክ»ን። እንደገና። ሲዝን አንድን ብቻ።

ወደ አገራችን ፊልም ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ለመሥራት 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ይህን 14 ዓመት ከአንዱ ሃርድ ዲስክ ወደ ሌላው ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ በቂ ነው። ባላባቱ ግን በዚያች ደቂቃም ይቆጣል፤ «ምነው ቀርፋፋ ሆነ፣ ገመዱን ቀይረው እስኪ» ይላል። ኃይሌ ይህን ቢሰማ ብዙ አይገረምም። «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ አከፋፋይ ሲነፈገው አሜሪካ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ያሳየ ሰው ነው። ዋሽንግተን ውስጥም፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚሁ ፊልም ስም የተሰየመ ሱቅ ከፍቶ መጻሕፍትና ፊልሞቹን ይሸጣል። እዚያው ከተማ የሚኖረው ወገናችን ታዲያ ምን ያደርጋል? ሱቁን በመኪና እያለፈ፣ አዲስ አበባ ላለው የአጎቱ ልጅ ይደውላል፦ «ወንድሜ፣ ያቺን ጤዛን በቴሌግራም ልትልክልኝ ትችላለህ?»

ሕጉን አታንሱበት። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይል ነበር። ባላባታችን ይህን ሲሰማ የሚያዝነው ለሱቁ ልጅ ነው። ራሱማ ምን አደረገ? የውጭውን ሲያስጭን «ሆሊውድ በእኔ አይከስርም» ይላል፤ የአማርኛውን ሲያስጭን ደግሞ «ልጆቹን ላስተዋውቅላቸው ብዬ ነው»። ፊልም ሠሪው ቤቱን አስይዞ የተበደረውን ባንኩ ሲጠይቀው፣ ይኸው ተዋውቄያለሁ ብሎ እንዲያስረዳ ይጠበቃል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሌላቸው ነገር ነው። አሥር ባላባት ሰብስባችሁ አሥሩን ሃርድ ዲስክ ክፈቱ፤ አንዱን አሥር ጊዜ ትከፍታላችሁ። አንዱ ከሌላው ገልብጦ፣ ያም ከሱቁ፣ ሱቁም ከሌላ ሱቅ። «ዘ ጎድፋዘር» በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት ይመስል በየቤቱ ተደብቆ ይጠበቃል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»ን ግን ጠይቁ፤ በ1950ዎቹ የተሠራ፣ በመጀመሪያነቱ ስሙ የሚነሳ ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ነው። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ስንት ነጥብ አለው?» ይሏችኋል። «ጉማ»ን ጠይቁ፤ በየዓመቱ ቀይ ምንጣፍ የሚዘረጋበት የፊልም ሽልማታችን ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። የቀይ ምንጣፉ ቀሚስ ፎቶ በየስልኩ ሞልቷል፤ ፊልሙ ግን «የሚቀሩኝ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገባም። ከሃያ ዓመት በፊት በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ያሰለፉን የቪዲዮ ፊልሞችም እንዲሁ ናቸው። እነሱን መፈለግ ልፋት ይጠይቃል፤ ልፋት ደግሞ ለባላባት ነውር ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ይጀምራል። ውስጡ የሚሽከረከር ሰሃንና መርፌ መሰል አንባቢ ያለበት ዕቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ መውደቅ ይበቃዋል። ባላባታችን ሐዘን ይቀመጣል። ወዳጆቹ ግን ጨዋዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ያው ሃርድ ዲስክ ስላላቸው በአንድ ከሰዓት 1,400ውንም አሟልተው አዲሱ ላይ ይገለብጡለታል። ማታ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ፈክቷል። ባለቤቱ «ልዩ ልዩ» የሚለው ፎልደር ውስጥ የነበረው የሠርጋቸው ቪዲዮስ እንዴት ሆነ ብላ ትጠይቀዋለች።

«እሱ እንኳ ሌላ ሰው ጋ አልተገኘም» ይላታል፤ «ጎድፋዘር ግን ሦስቱም ክፍል ተመልሷል፣ ያውም በአራት ኬ።»