ውዳሴ፥ የቀጥቃጭን ልጅ ከምሕንድስና ላራቀ ሥርዐት

ከዐባያ ሐይቅ በላይ በዓለት ትከሻ ላይ የተቀመጠችው የኦቾሎ መንደር፥ ነገሯን በአንድ ሰው ቃል ሳይሆን በዱቡሻ፥ በአደባባይ ሸንጎዋ፥ ተመካክራ የምትቈርጥ በመሆኗ፥ ፈረንሳዊው ሊቅ ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሞላታል። የሸንጎው ጥንታዊ ሥርዐትም ወሰኑን ያወቀ ነበር፤ ማላው፥ ባለመብቱ ዜጋ፥ በሸንጎው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲመካከር፥ ብረት የሚቀጠቅጠውና ቆዳ የሚፍቀው ደጋላ ከጉባኤው ይርቅ ነበር። ይህም ታላቅ ማስተዋል ነው፤ የዶማውን ስለት ያወጣ ሰው ስለ እርሻ ቢናገር ነገሩን ያውቀዋልና ሸንጎው በቶሎ ይበተን ነበር፤ በቶሎ የሚበተን ሸንጎ ደግሞ ምን ክብር አለው?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ እኛም የንጉሥን ቃል ቆመን በመስማትና ተቀምጠን በመርሳት የታወቅን ነን።

በ1979 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲከፈት፥ የዋህ የሆነ ሰው ከወናፍ አጠገብ ያደገው ልጅ አስቀድሞ ይጠራል ብሎ ያስብ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች ልዩ ድጋፍን ደነገገ፤ ለአፋር፥ ለሶማሌ፥ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጆችም የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ ዝቅ ተደረገ። (ይህን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ቢኖር ማነሱን ነው።) ክልልንና ጾታን የሚመዘግበው የመግቢያ ቅጽ፥ አባትህ ምን ይሠራል፥ ጎረቤትህስ በጠጣህበት ዋንጫ ይጠጣልን ብሎ አለመጠየቁ የጨዋነት ፍጻሜ ነው፤ ሸንጎው በስሙ ጠርቶ ያራቀውን፥ ቅጹ ስሙን ባለመጥራት በትሕትና ያርቀዋል።

እንደ ቀጥቃጩ የተገለለችው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ምናልባት በሴትነቷ ጥቂት ነጥብ ታግዛ ብትገባ፥ «በድጋፍ የገባች» የሚለውን መዓርግ ከመኝታ ክፍሏ ቁልፍ ጋር አብራ ትረከባለች። እናቷ የእሳቱን መልክ በዐይኗ ብቻ አይታ ገሉ መብሰሉን የምትለይበትን ጥበብ፥ መምህሩ በባዕድ ቋንቋ ከባዕድ መጽሐፍ ሲያነብላት፥ ይህንስ ከቤት አውቀዋለሁ ብላ ጉባኤውን እንዳታሳፍር እንመክራታለን፤ ዝም ብላ ትጻፍ፥ ለፈተና ይመጣል። ተመርቃ ወደ ደጋው ብትመለስም በደስታ እንቀበላታለን፤ በምትሠራው ድልድይ እንሻገራለን፥ በምትዘረጋው ቧንቧ እንጠጣለን፤ ልጃችንን ለወንድሟ መዳር ግን የምሕንድስና ጉዳይ አይደለም።