የሐኪም ጋራ ማዘዣ፤ ስለ ቢራ ድግስ መግቢያ ዋጋና ስለ ግፊያ የወጣ አዋጅ

ስማ፥ ስማ፥ አገር ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ፤ በሰልፍ የቆምህም ተራህን ሳትለቅ አድምጥ!

እኛ ሐኪም ጋራ፥ የደመና ዘውድ ተቀዳጅተን፥ የጉም ካባ ደርበን፥ ከሐረር በስተደቡብ በዙፋናችን ተቀምጠን፥ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ወዳሠሩት ወደ ጀጎል ግንብ የሚገባውንና ከዚያ የሚወጣውን ሁሉ ያለ ትኬት ስንመለከት የኖርን፤ የግብፅ ጭፍራ በ1875 እ.ኤ.አ. ገብቶ በ1885 ሲወጣ፥ ከሁለት ዓመትም በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በጨለንቆ ድል አድርጎ ሲገባ በዐይናችን ያየን፤ ነገር ግን ከእነዚህ ገቢዎች መካከል አንዱ እንኳ መግቢያ ከፍሎ፥ በእጁ የወረቀት አምባር ታስሮለት፥ «ወንድሜ፥ ሰልፉ የሚጀምረው ከወዲያ ነው» ሲባል ከቶ ያላየን ስለ ሆንን፤

ስማችንም በራሳችን ላይ ካረፉት ከአው ሐኪም የመጣ ክቡር ስም ሆኖ ሳለ፥ በ1984 እ.ኤ.አ. በከተማይቱ ከተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ የሚወጣ አንድ ጥቁር ቢራ በዚሁ ስም ተጠርቶ፥ ወደ መሸታ ቤት ገብቶ «ሐኪም አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታሞ ይሁን ተጠምቶ ለመለየት ስላስቸገረ፥ እኛም አንድ ጊዜ ስማችን በጠርሙስ ላይ ከተለጠፈ በጠጪው ጉዳይ ዝም ማለት የማይገባን ስለ ሆነ፤

በመናገሻይቱ ከተማ በአዲስ አበባም በየበዓሉ ዋዜማ በኤግዚቢሽን ማእከል ባዛር ሲከፈት፥ ከሕዝቡ መግቢያ እየተቀበሉ የሙዚቃውን መድረክና የድራፍቱን ድንኳን ጎን ለጎን ማቆም የጸና ልማድ መሆኑን ሰምተን፥ ይኸው ልማድ የቢራ ፌስቲቫል የሚል ማዕርግ ተቀብሎ ወደ ግርጌያችን ቢወርድ ምን እንደሚያመጣ በትንቢት ሳይሆን በሒሳብ ስላወቅን፤

ንጉሥ ያዝዛል፥ ሐኪም ያዝዛል፥ ጠጪም ያዝዛልና፥ ሦስቱንም ትእዛዝ በአንድ ወረቀት አጠቃልለን፥ ለጤነኛው አዋጅ ለታመመው ማዘዣ እንዲሆን የሚከተለውን ደንግገናል።

አንቀጽ 1፤ በእንተ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በቀር፥ በዚህ አዋጅ ውስጥ «መግቢያ» ማለት ሰው ከአንድ ሰልፍ ወደ ሌላ ሰልፍ የሚሸጋገርበት ቀዳዳ ነው፤ «ድራፍት» ማለት እላዩ አረፋ እታቹ ተስፋ የሆነ መጠጥ ነው፤ «አዘጋጅ» ማለት ከድንኳኑም ከወንበሩም አስቀድሞ የገንዘብ መቀበያውን ያዘጋጀ ሰው ነው፤ «በነጻ» ማለት ዋጋው በሌላ ዕቃ ላይ የተጻፈ ማለት ነው፤ «ሞልቷል» ማለት ግን በበር ጠባቂው አፍ ካልሆነ በቀር በትኬት ሻጩ አፍ ያልተሰማ፥ ትርጓሜውም ገና በሊቃውንት ዘንድ የሚመረመር ቃል ነው።

አንቀጽ 2፤ በእንተ በር

ጀጎል በ48 ሔክታር መሬት ላይ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር የሚባሉ አምስት ጥንታውያን በሮች ሲኖሩት፥ ከእነዚህም ሌላ ሌሊት ለሚገባው ጅብ ከግንቡ ሥር ለይተው ቀዳዳ የተዉለት የቀድሞ ሰዎች ገቢና ወጪ በአንድ ጉሮሮ ሊተላለፍ እንደማይችል የተረዱ ጠቢባን ነበሩ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 እ.ኤ.አ. በመጣ ጊዜ በበሩ ቆሞ የአሚር አሕመድን ፈቃድ ጠብቋል፤ ይሁን እንጂ ያ ጥበቃ ከአንድ አሚር ዘንድ የአንድ ቃል መልስ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነበር፤ የዛሬው ጠጪ ግን ዋጋውን በስልኩ ከፍሎ፥ የከፈለበትን መልእክት ለበር ጠባቂው አሳይቶ፥ በር ጠባቂው ለባልደረባው አሳይቶ፥ ባልደረባው ኔትወርክ የለም ብሎ፥ ሁሉም ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ ጀምበር ትጠልቃለች። ስለዚህ በግርጌያችን ድንኳን የሚተክል ሁሉ ቢያንስ እንደ ጀጎል አምስት በር ያብጅ፤ ይህ ቢያቅተው ለጅቡ ከተተወለት ቀዳዳ ያነሰ በር ለሰው እንዳይሰጥ ከልክለናል።

አንቀጽ 3፤ በእንተ ዋጋ

በአገራችን ማኅበር ሲጠጣ፥ ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፥ ዳቦውን ደፍቶ፥ ጽዋውን በጸሎት አስባርኮ ያቀርባል እንጂ፥ ለማኅበርተኛው ከደጁ ላይ ትኬት ቆርጦ፥ ከገበታው ላይ ደግሞ የጠላውን ሒሳብ ጠይቆ አያውቅም፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢገኝም በሚቀጥለው ወር ጽዋውን ብቻውን እንደሚጠጣው የታወቀ ነው። የሐረር ሰዎችም በዓሹራ ዕለት ለጅብ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ሲያቀርቡ፥ ይህም ሥርዓት በረኃብ ዘመን ቅዱሳን በእኛ ራስ ላይ ተሰብስበው ከመከሩት ምክር የመጣ ነው ተብሎ ሲተረክ፥ ጅቡ ገንፎውን በልቶ ይሄዳል እንጂ የመግቢያ ዋጋ አልተጠየቀም። ከግንቡ ውጭ በየማታው በሚደረገው የጅብ ማብላት ትርኢት ላይም የሚከፍለው ለማየት የመጣው እንግዳ ነው፤ የሚበላው ጅብ አይከፍልም። በቢራው ድግስ ግን ያው አንድ ሰው ለማየትም ይከፍላል፥ ለመጠጣትም ይከፍላል፥ ሲገፋና ሲጋፋም ለሌላው ትርኢት ይሆናል፤ እንግዲህ ይህ ሰው ከጅቡ ወገን ይቈጠር ወይስ ከእንግዳው ወገን፥ እኛ በዙፋናችን ሆነን ብናስብ አልተገለጠልንም።

የውጭ አገር ምስክር ለሚሻም፥ በሙኒክ ከተማ በ1810 እ.ኤ.አ. ልዑል ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዛን ሲያገባ ለሕዝቡ በተደረገው የሰርግ ደስታ የተጀመረው፥ ኦክቶበርፌስት የተባለው የዓለም አውራ የቢራ በዓል፥ ወደ ሜዳው ለሚገባ ሰው እስከ ዛሬ የመግቢያ ዋጋ አይጠይቅም፤ ገንዘቡን የሚለቅመው ከብርጭቆው ላይ ሲሆን፥ በ2024 እ.ኤ.አ. የአንድ ሊትር ዋጋ ከ13 ዩሮ በላይ ነበር። ይህ ዋጋ ውድ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ጀርመኑ ከአንድ በግ አንድ ቆዳ ገፈፈ እንጂ፥ ሥጋው ተበልቶ ሲያልቅ ለሁለተኛ ቆዳ ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ አዘጋጅ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፤ ከበሩ ያስከፈለ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከመግቢያው ዋጋ ላይ ይቀንስ፤ ከብርጭቆው የሚያስከፍል በሩን ይክፈት። በኩፖን የሚሸጥም ቢሆን የተረፈውን ኩፖን በገንዘብ ይመልስ፤ የሰውን ገንዘብ በወረቀት ለውጦ በማግስቱ «ጊዜው አልፏል» ማለት በማናቸውም ሃይማኖት የተመሰገነ ሥራ አይደለምና።

አንቀጽ 4፤ በእንተ ግፊያ

ደግ ባለቤት ሴት ብቅሉን ሳታበቅል፥ ጌሾውን ሳትወቅጥ አስቀድማ የምትጠይቀው «ስንት ራስ ይመጣል?» ብላ ነው፤ ከዚያም ጋኑን በእንግዳው ልክ ትጥዳለች እንጂ፥ እንግዳውን በጋኑ ልክ አትጨምቅም። የዛሬው አዘጋጅ ግን ትኬቱን በማተሚያ ቤቱ ልክ ያሳትማል፤ ሜዳው ግን በማተሚያ ቤት ስለማይታተም አይሰፋም። አንድን በርጩማ ለሁለት ሰው መሸጥ አንድን በሬ ለሁለት ገበሬ ከመሸጥ በምን ይለያል? በሬው እንኳ ቢሸጥ ሁለቱ ገበሬዎች ዳኛ ዘንድ ይገናኛሉ፤ የበርጩማው ገዥዎች ግን የሚገናኙት በክርን ነው።

በመስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ እኛ በመስቀል በዓል ላይ ሳለን፥ ሙኒኮች ሜዳቸው ከልክ በላይ ሞልቶባቸው ለጥቂት ጊዜ በሩን እንደ ዘጉ ሰምተናል፤ «ሞልቷል» የሚለውን ቃል ደፍሮ መናገር የሚቻል መሆኑን ስላሳዩን እናመሰግናቸዋለን። በገዛ ከተማችንም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የተጻፈው የሹዋሊድ በዓል ሲከበር፥ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፥ ወጣቱም ለትዳር ይተያያል፤ በዚያ መጨናነቅ ሰው ሰውን ሲያገኝ፥ በቢራው ድንኳን መጨናነቅ ግን ሰው ጫማውን ያጣል። ከጀጎል መተላለፊያዎች ሁሉ ጠባቡ የእርቅ መንገድ ይባላል፤ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እዚያ ቢገናኙ ሳይታረቁ ማለፍ አይቻላቸውምና። የድንኳኑ ጥበት ግን የታረቁትን ያኳርፋል። መኪና ግርግር የተባለው ሰፈራችንም ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው፤ ያ ግርግር ሱሪ ይሰፋል፤ የድንኳኑ ግርግር ሱሪ ይቀድዳል፥ በኪሱ ያለውንም ይወስዳል፤ ግርግር ለሌባ ያመቻል የተባለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የትኬቱ ቍጥር ከበርጩማው ቍጥር፥ የበርጩማውም ቍጥር ከሜዳው ስፋት እንዳይበልጥ አዝዘናል።

አንቀጽ 5፤ በእንተ ልዩ ክብር

ቪአይፒ ተብሎ በገመድ የተከለለ ስፍራ ሲኖር፥ ከገመዱ ወዲያ ያለው ሰው ከገመዱ ወዲህ ካለው ሰው በክብር የሚበልጠው በምን እንደ ሆነ አዘጋጁ በጽሑፍ ይግለጥ። የመጠጡ ዓይነት አንድ፥ አረፋውም አንድ፥ የዘፈኑም ጩኸት አንድ ሆኖ ሳለ፥ ልዩነቱ መቀመጫ ማግኘት ብቻ ከሆነ፥ መቀመጫ ለሰው ልጅ ሁሉ የተገባ እንጂ በማዕርግ የሚሰጥ ሹመት አለመሆኑን እናስታውቃለን።

አንቀጽ 6፤ በእንተ ወጣቶችና በእንተ የማይጠጡ

በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ስለ ተከለከለ፥ በር ጠባቂው የትኬቱን ቀለም ለማየት የሚደክመውን ያህል የገዥውን ዕድሜ ለማየት ይድከም። በሃይማኖቱ ወይም በፈቃዱ የማይጠጣ፥ ወዳጁን ለማጀብ የመጣና ሶፊ የተባለውን አልኮል የሌለበት የብቅል መጠጥ ይዞ በጥግ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ፥ ሰካራሙን ተሸክሞ ወደ ቤት የሚመልሰው እሱ ነውና፥ መግቢያ ሊጠየቅ ቀርቶ የድካሙ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል።

አንቀጽ 7፤ በእንተ ውኃ

የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ፥ ከተማይቱ ከድሬዳዋ ወገን በቧንቧ ውኃ እስኪሳብላት ድረስ ቢጫ ጀሪካን ይዘው በሰልፍ የቆሙትን እናቶች ያየን እኛ፥ ሰልፍ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ያ ሰልፍ ረዥም ቢሆንም የኋለኛዋ የፊተኛዋን ልጅ ታዝል ነበር፤ ቢራም ቢሆን አብዛኛው ውኃ ነውና፥ ለእሱ የሚሰለፍ ሰው ከዚያ ሰልፍ ጨዋነትን ይማር። አዘጋጁም ለጠጪው የሚጠጣበትን ብቻ ሳይሆን የጠጣውን የሚያፈስስበትን ስፍራ አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ይህን ባያደርግ ሕዝቡ ወደ እኛ ግርጌ ይመጣልና፥ ነገሩ በቀጥታ የሚነካን ስለ ሆነ ምሕረት አናደርግም።

አንቀጽ 8፤ በእንተ ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ አዘጋጅ አይታሰርም፥ አይገረፍም፥ ሀብቱም አይወረስም፤ ነገር ግን የገዛ ድግሱን ትኬት በሙሉ ዋጋ ገዝቶ፥ በቅዳሜ ማታ በ2 ሰዓት፥ ውስጥ ላለ ለማንም ሳይደውል፥ «እኔ እኮ አዘጋጁ ነኝ» የምትለውን ቃል ሳይናገር፥ በሰልፉ ጅራት ቆሞ እስኪገባ ይጠብቃል።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የሰልፉ መጨረሻ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።